ከፊልም ጣሳ የወጣ መሳሳም

ወንዱ የሴቷን እጅ ይዞ ወደ ራሱ ይስባታል። ይሳሳማሉ፤ ይላቀቃሉ፤ እየሳቁ እንደገና ይተቃቀፋሉ። ድምፅ አልባው ፊልም በዚህ ያበቃል፤ 30 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ዊልያም ሴሊግ እ.ኤ.አ. በ1898 ቺካጎ ውስጥ የቀረፁት ሲሆን፣ ተዋንያኑ ሴይንት ሳትልና ገርቲ ብራውን የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው በጥቁሮች በሚሳለቁበት ዘመን፣ ሁለት ጥቁሮች እንደማንኛውም ፍቅረኛ በደስታ ሲሳሳሙ መታየታቸው ትልቅ ነገር ነው።

ፊልሙ ከመቶ ዓመት በላይ ተረስቶ ቆየ። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ማኅደር የሚሠሩት ዲኖ ኤቨረት ከአሮጌ ጥቅልሎች መካከል አገኙት፤ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ አሊሰን ናዲያ ፊልድ ምንነቱን አጣርተው ለዩት። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገባ።

እንዲህ ያሉ ፊልሞች ለምን ጠፉ? አንዱ ምክንያት ፊልሙ የተሠራበት ነገር ነው። የዚያን ጊዜ ፊልም ሴሉሎስ ከናይትሪክ አሲድ ጋር ተዋህዶ ከሚገኝ ናይትሬት ይሠራ ነበር። ናይትሬት ሲያረጅ ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም ብስባሴውን ያፋጥነዋል። መጀመሪያ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ቀጥሎ ጥቅልሉ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ በመጨረሻ ቡናማ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። እሳት ከያዘው ደግሞ ኦክስጅኑን ከራሱ ስለሚያገኝ ውኃ ውስጥ እንኳ ይነድዳል። ቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል ዕድሜውን ያራዝምለታል፤ ግን ማንም ዋጋ ያልሰጠው ፊልም እዚያ ክፍል አይገባም።

የተረፉትም የተረፉት ሰው ስላስቀመጣቸው ነው። ዝነኛው ኮሜዲያን በርት ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1913 የተወነበት፣ ሳይጠናቀቅ የቀረ ፊልም፣ የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1939 ከተረከባቸው ጥቅልሎች ውስጥ ነበር፤ ለሕዝብ የታየው በ2014 ነው። የጥቁሩ ዳይሬክተር ኦስካር ሚሾ የ1920 ፊልም ደግሞ ስፔን ውስጥ፣ በመካከሉ የስፓኒሽ ጽሑፍ ገብቶበት ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የነሳትልና ብራውን ፊልም ረዘም ያለ ሌላ ቅጂ ኖርዌይ ውስጥ ተገኘ። እዚያ ላይ ሴቷ መጀመሪያ እምቢ ትላለች፤ ወንዱ ይለማመጣታል። ሙሉ ታሪክ መስሎን የነበረው አንዱ ክፍል ብቻ ኖሯል። ስለዚህ አንድ ያረጀ ጣሳ ከመጣሉ በፊት ይከፈት፤ የሰዎቹ ቀሪ ታሪክ እዚያ ውስጥ ሊሆን ይችላል።