ያውቁ ኖሯል? ሸክላ የማይወደው ቼሊቢዳኬ

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሩማንያዊው ሰርጁ ቼሊቢዳኬ የታላቁ በርሊን ፊልሃርሞኒክ መሪ ለመሆን የበቃው በጥይት ሰበብ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ኦገስት 23 ቀን 1945 ማታ የኦርኬስትራው መሪ ሊዮ ቦርካርድ የተሳፈረበት መኪና ኬላ ላይ ሳይቆም አለፈ። አንድ አሜሪካዊ ወታደር ተኮሰ፤ ቦርካርድ ሞተ። ዝነኛው የቀድሞ መሪያቸው ፉርትቬንግለር ደግሞ በናዚ ዘመን የሠራው እስኪጣራ ታግዷል። በስድስተኛው ቀን መድረኩ ላይ የወጣው ከጥቂት ሰው በቀር ማንም የማያውቀው የ33 ዓመት ሩማንያዊ ነበር።

አባቱ ግን ፖለቲከኛ እንዲሆንለት ነበር የሚመኘው።

በቦምብ በወደመው የፊልሃርሞኒኩ አዳራሽ ፍርስራሽ ውስጥ በ1950 ኦርኬስትራውን ሰብስቦ የቤትሆቨንን «ኤግሞንት» ሲመራ በፊልም ተቀርጿል። ጸጉሩ ተንጨባርሮ፣ እጁ እንደ ጎራዴ አየሩን ሲቀድ ይታያል። ያንን ያየ ሰው ያረጀውን ቼሊቢዳኬ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጣቱን ብቻ የሚያንቀሳቅሰውን፣ ያው ሰው ነው ቢሉት አያምንም።

ከኦርኬስትራው ጋር የነበረው ኩርፊያስ? ከ400 በላይ ኮንሰርት ከመራላቸው በኋላ፣ እገዳው ተነሥቶለት ወደ ቦታው የተመለሰው ፉርትቬንግለር በ1954 ሲሞት ሙዚቀኞቹ ሌላ መሪ፣ ካራያንን፣ መረጡ። ቼሊቢዳኬ ወደዚያ ኦርኬስትራ ለመመለስ ከ37 ዓመት በላይ ፈጀበት። በ1992 የተመለሰውም የጀርመኑ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ፎን ቫይትሴከር ለምነውት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦርኬስትራ የመራው በ71 ዓመቱ መሆኑን፣ ያውም የተማሪዎች ኦርኬስትራ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ዘመኑ 1984፣ ቦታው ኒውዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ፣ ተጫዋቾቹ የፊላደልፊያው ከርቲስ የሙዚቃ ተቋም ልጆች። እሱ የሚጠይቀውን የልምምድ ብዛት ባለሙያ ኦርኬስትራ በቀላሉ አይሰጥም፤ ተማሪ ግን ጊዜ አለው።

ጆሮው አይስትም ይባልለት ነበር። አንድ ጊዜ ግን የሰማውን ሊያምን አልወደደም። በ1980 እሱ የሚመራው የሙኒክ ፊልሃርሞኒክ ዋና የትሮምቦን ተጫዋች ሲፈልግ ለ33 ተወዳዳሪዎች መጋረጃ ተጋረደ። አሜሪካዊቷ አቢ ኮናንት 16ኛ ሆና ገባች፤ የጥሪ ደብዳቤዋ «አቶ» ይላት ነበር። ተጫውታ እንደጨረሰች ዳኞቹ የቀሩትን ሳይሰሙ አሰናበቱ። መጋረጃው ሲገለጥ ሴት ናት! ከጊዜ በኋላ ለቦታው ወንድ ያስፈልጋል ተብላ ወደ ሁለተኛ ትሮምቦን ወረደች። ፍርድ ቤት ሄደች፤ ትንፋሿ እንደማያንስ ለማስረዳት ሳንባዋን በሕክምና አስመረመረች። በ1988 ቦታዋን አስመለሰች፤ ከወንዶቹ እኩል ደመወዝ ለማግኘት ግን እስከ 1993 መሟገት ነበረባት። ለቼሊቢዳኬ የሚሟገቱ ወዳጆቹ ብዙ ናቸው፤ እዚህ ላይ ግን የሚሉት ነገር ያላቸው አይመስለኝም።

የሙዚቃ ደራሲም ነበር። ሲምፎኒዎች ጽፏል፤ ለሕዝብ ማሰማቱን ግን ብዙም አልወደደውም። ከሥራዎቹ «የኪስ አትክልት ስፍራ» የሚለውን ለዩኒሴፍ ብሎ ሽቱትጋርት ላይ ማስቀረጹ የራሱን ሕግ የሚጥስ ነበር።

ሕጉ ምን ነበር? ሙዚቃ ሸክላ ላይ አይታሸግም! እሱ እንደሚለው የፍጥነቱን ልክ የሚወስነው ሰዓት ሳይሆን አዳራሹ ነው፤ ድምፁ ግድግዳ ነክቶ ሲመለስ፣ ዋሽንቱና መለከቱ ተደራርበው ሲያስተጋቡ፣ ጆሮ አንዱን ከሌላው እስኪለይ ጊዜ ይሻል። ማይክሮፎን ይህን አይሸከምም። ቀስ ማለቱም ከዚህ ይመጣል፦ ሌሎች በ80 ደቂቃ ገደማ የሚያወጡት የብሩክነር ስምንተኛ ሲምፎኒ እሱ ዘንድ ከ100 ያልፋል። ሦስተኛው ክፍል ብቻ 35 ደቂቃ ነው፤ አንድ ቀን ከፍቼው ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ ተቀዳ፣ ሙዚቃው ገና አላለቀም።

ቼሊቢዳኬ በ1996 ፈረንሳይ ውስጥ በ84 ዓመቱ አረፈ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ የኮንሰርቶቹ ቅጂዎች በሲዲ እንዲወጡ ፈቀደ። ቡና ያፈላሁበትም አንዱ ነው።