«ቴክ ኦቨር» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ በንግድ ደብዳቤ

ከውጭ አገር ደንበኞች ጋር የሚጻጻፉ አስመጪዎችና ላኪዎች «ቴክ ኦቨር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግሥ ደጋግመው ያገኙታል። «ቴክ» ብቻውን መውሰድ ነው፤ «ኦቨር» ሲታከልበት ግን የሌላውን ኃላፊነት ወይም ንብረት ተረክቦ ማስተዳደር ይሆናል። ችግሩም ኃላፊነትና ንብረት አንድ አለመሆናቸው ነው።

ከግሡ በኋላ «ፍሮም» ገብቶ የሰው ስም ቢከተል፣ ወይም «አዝ» ገብቶ የሥራ ማዕረግ ቢከተል፣ የተለወጠው ሹሙ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ስቲቭ ባልመር የማይክሮሶፍትን ዋና ሥራ አስኪያጅነት ከቢል ጌትስ መረከቡ በዚህ አነጋገር ይገለጻል። ኩባንያው አልተሸጠም፤ ጌትስም የቦርዱ ሊቀ መንበርና ባለአክሲዮን ሆኖ ቆይቷል። በአንጻሩ፣ ባለድርጊቱ ኩባንያ ሆኖ ከግሡ ቀጥሎ የሌላ ኩባንያ ስም ቢመጣ የተለወጠው ባለቤቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካው ክራፍት የእንግሊዙን የቸኮላት አምራች ካድበሪን መግዛቱ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል።

አጠራጣሪው፣ አንድ ሰው አንድን ኩባንያ «ቴክ ኦቨር» አደረገ ሲባል ነው። ተሹሞበትም፣ ገዝቶትም ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝኛው ራሱ አይለየውም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ነጋዴ ሳያፍር ጽፎ ይጠይቅ። ሹም ቢለወጥ ውሉ እንደ ጸና ይኖራል፤ የሚታደሰው የፊርማ ናሙና ነው። ኩባንያው ከተሸጠ ግን የተሸጠው አክሲዮኑ ነው ወይስ ንብረቱ ብቻ? አክሲዮኑ ከሆነ ማኅበሩ ከነውሉና ከነዕዳው ይቀጥላል፤ ንብረቱ ብቻ ከሆነ ግን ያልተከፈለ ሒሳብ በቀድሞው ባለቤት ዘንድ ሊቀር ይችላል። በተለይ ወኪል የሆነ ሰው ውሉ ስለሚቋረጥበት ሁኔታ የሚናገረውን አንቀጽ ቶሎ ይመልከት፤ አዲሱ ባለቤት በዚሁ አገር የራሱ ወኪል ይኖረው ይሆናልና።

በአማርኛችን «ተረከበ» ለሹመትም ለዕቃም ያገለግላል። ስለዚህ አንዳንዶች ከወደብ ዕቃ መረከባቸውንም «ቴክ ኦቨር» ብለው ይጽፋሉ፤ ለገዢ የሚስማማው «ቴክ ደሊቨሪ» ነው።

አዲስ ሥራ አስኪያጅ ሥራ መረከቡን የሚገልጽ ደብዳቤ አዲስ የባንክ ሒሳብ ቁጥርም ይዞ ቢመጣ ገንዘብ ከመላክ በፊት ማጣራት ያስፈልጋል፤ አታላዮች በኢሜይል የሚጠቀሙበት የታወቀ ዘዴ ነውና። የሚደወለውም በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ሳይሆን ቀድሞ በመዝገብ በያዝነው የስልክ ቁጥር ነው።