ጨጓራ ነው ብለን እንዳናልፈው

በዚህ እትም ስለ ሃርት አታክ፣ ማለትም ስለ ድንገተኛ የልብ ሕመም እናወራለን። በገላባትና በገዳሪፍ አካባቢ ደረቱን የሚያመው ሰው መጀመሪያ የሚለው «ጨጓራዬ ነው» ነው። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። አንዳንዴ ግን ልቡ ነው፤ ያኔ መዘግየት ሕይወት ያስከፍላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 17.9 ሚሊዮን ሰዎች በልብና በደም ሥር በሽታዎች ሞተዋል።

ልባችን ራሱ ደም የሚያገኘው በቀጫጭን ደም ሥሮች ነው። በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተጠራቀመው ስብ ሲሰነጠቅ እላዩ ላይ ደም ይረጋል፤ መንገዱም ይዘጋል። ደም ያጣው የልብ ጡንቻ መሞት ይጀምራል።

ምልክቶቹ፦
1. ደረት መሃል ላይ ከጥቂት ደቂቃ በላይ የሚቆይ ወይም ሄድ መለስ የሚል የመጫን ስሜት፤ «ድንጋይ የተጫነኝ ይመስለኛል» ያሰኛል።
2. ወደ ክንድ (በተለይ ወደ ግራ)፣ ትከሻ፣ አንገት፣ መንጋጋ ወይም ጀርባ የሚሄድ ሕመም።
3. ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ማዞር።
4. ቀዝቃዛ ላብ። በሚያዝያ ሙቀት ሁላችንም እናልባለን፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ ፊቱ ገርጥቶ የሚያልበው ሰው ግን ያሳስባል።

ሴቶች፣ አረጋውያንና የስኳር ሕመምተኞች ደሞ ደረታቸውን ሳያማቸው ድካምና ትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊሰማቸው ይችላል። ሲጋራ ወይም ሺሻ የሚያጨስ፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ።

ምን እናድርግ?
በሽተኛውን በእግሩ አታስኬዱት። ጀርባውን አስደግፋችሁ አስቀምጡት፤ ጠባብ ልብሱን ፍቱለት። አንድ ተማሪ ወደ ክሊኒክ ይሩጥ፤ ሌላው ራክሻም ሆነ መኪና ይፈልግ። አስፕሪን የማይስማማው ወይም የሚደማ ጨጓራ ያለበት ካልሆነ፣ አንድ ባለ 300 ሚሊ ግራም አስፕሪን አኝኮ ይዋጥ። «ትንሽ ልተኛና ይለቀኛል» ቢላችሁ እሺ አትበሉት። ራሱን ስቶ መተንፈስ ካቆመ፣ ደረቱን መሃል ላይ በሁለት እጃችሁ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ በኃይል ጫኑ።

በክረምት ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሲሆን ወደ ገዳሪፍ ሆስፒታል መድረስ ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ መምህራን፣ ማን ወዴት እንደሚሮጥ ከወዲሁ በክፍላችሁ ተመዳደቡ። ጨጓራን ከልብ የሚለየው የሐኪም ምርመራ ነው እንጂ ግምታችን አይደለም። ክሊኒክ ሄዶ «ጨጓራ ነው» ተብሎ መመለስ አያሳፍርም።