የአንድ አሮጌ የዳንስ ሸክላ ፍጥነትና ቅኝት እንዴት ይታወቃል?

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት ያሰብነው ነገር ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ይኸውም በሸክላ የተቀዳ አንድ የቆየ የዳንስ ሙዚቃ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታና ዜማው በየትኛው ድምፅ ላይ እንደሚያርፍ ለይቶ መጻፍ ነው። እኛም ሥራውን ስንጀምር አንድ ሰዓትና አንድ ኪቦርድ የሚበቁን መስሎን ነበር።

የጥናታችን መነሻ በደቡብ ወሎ ምዕራብ፣ ወደ ዓባይ በሚያዘነብለው ደጋ ላይ ካለችው ከመካነ ሰላም ከተማ፣ ከአንድ ቡና ቤት ያገኘነው ካሴት ነው። ካሴቱ ከሸክላ የተገለበጠ ስለ ሆነ የመርፌው መንጫጫት ዛሬም ይሰማል። ዘፋኝ የለበትም፤ ቴነር ሳክስፎን፣ ጥሩንባ፣ ኦርጋን፣ ቤዝ ጊታርና ድራም ብቻ ናቸው። ሰዓት ይዘን እግር የሚመታውን ትልቁን ምት ብንቈጥር በደቂቃ 94 ሆነ። (በያንዳንዱ ትልቅ ምት ውስጥ እንደ ችክችካ ደንብ ሦስት ትናንሽ ምቶች አሉ። አንዱ ባልንጀራችን እነዚህን ቈጥሮ 282 ብሎ ስለ ጻፈ ብዙ ተከራክረናል።) ድምፁን ከኪቦርዱ ጋር ስናስተያይ ግን የዜማው ማረፊያ በሚና በፋ መካከል ወደቀ። እንዲህ ያለ ድምፅ ኪቦርዱ የለውም። የቴፑን ባትሪ ለውጠን፣ ቴፑንም ራሱን ለውጠን ሰማን፤ ያው ሆነ።

በክራር ወይም በማሲንቆ የተጫወቱት ቢሆን ይህ አያስደንቅም ነበር። አዝማሪ ጅማቱን የሚያቃናው ለጉሮሮው እንዲስማማ ነውና፣ ዛሬ ከፍ ነገ ዝቅ ቢያደርገው ስሕተት አይባልም። የዳንስ ጓድ ግን ሌላ ነው። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ልጆች በ1924 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) በኬቮርክ ናልባንድያን መሪነት ከሠሩ ወዲህ፣ የክብር ዘበኛም ሆኑ የፖሊስ ሙዚቀኞች፣ ኋላም የሆቴል ጓዶች፣ የተጫወቱት ድምፁ በፋብሪካ በተወሰነ የነሐስ መሣሪያ ነው። የኦርጋን ተጫዋችም መሣሪያውን እንደ ክራር ጅማት እየጠመዘዘ አያቃናም። ስለዚህ በሁለት ድምፆች መካከል የወደቀ ማረፊያ ሲገኝ መጠርጠር ያለበት ጓዱ ሳይሆን ማጫወቻው ወይም መቅጃው ነው።

ሸክላና ቴፕ የሚሠሩት በመዞር ነው። መዞሩ ሲዘገይ ምቱ ይዘገያል፤ ድምፁም በዚያው ልክ ይወርዳል። ሁለቱ አይለያዩም። ፍጥነቱ በመቶ 6 ያህል ሲለወጥ ድምፁ በግማሽ ድምፅ ይለወጣል። በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር ያለበትን ሸክላ በ33⅓ ብናጫውተው በደቂቃ 100 የነበረው ምት 74 ይሆናል፤ የ3 ደቂቃው ሙዚቃ 4 ደቂቃ ከ3 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ድምፁም ከአምስት ግማሽ ድምፅ በላይ ይወርዳልና ይህን ማንም ሰው ያውቀዋል። አስቸጋሪው ትንሹ ስሕተት ነው። የኛ ካሴት ከሚም ከፋም የራቀው የግማሽ ድምፅ እኩሌታ ያህል፣ ማለትም በፍጥነት በመቶ 3 ያህል ነው። እንግዲህ እውነተኛው ማረፊያ ፋ ከሆነ ቅጂው ዘግይቷል፤ ምቱም 97 መሆን ነበረበት። ሚ ከሆነ ግን ቅጂው ፈጥኗል፤ ምቱም 91 ነው።

ከሁለቱ አንዱን እንድንመርጥ የረዳን ሳክስፎኑ ነው። ቴነር ሳክስፎን፣ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራ ያሰማበት ያው መሣሪያ፣ ከሁሉ የሚወርደው ድምፁ ላ ቤሞል ነው፤ ይህም በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ላ ማለት ነው። ከዚያ በታች ቀዳዳ የለውም። በካሴቱ ላይ ተጫዋቹ እታች ድረስ ወርዶ የነካው ድምፅ በሶልና በላ ቤሞል መካከል ይሰማል። ቅጂው ፈጥኖ ቢሆን ኖሮ ሰውዬው የነፋው ሶልን ነበር፤ ሶል ግን ከመሣሪያው ውስጥ አይወጣም። ስለዚህ ቅጂው ዘግይቷል፤ ማረፊያው ፋ፣ ምቱም 97 ነው።

ይህ ፍለጋ የሚሆነው በቴፕና በሸክላ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ዛሬ በኮምፒዩተር ፍጥነቱን ሳይነኩ ድምፁን፣ ድምፁን ሳይነኩ ፍጥነቱን መለወጥ ስለሚቻል፣ በስልክ የሚዘዋወር ቅጂ አንዱ ተነክቶ ሌላው እንደ ነበረ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ቅኝቱን ስንጽፍ ተሳሳትን። የዜማው ድምፆች ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል፣ ዶ፣ ሬ ቤሞል ናቸው። በትምህርት ቤት እንደ ለመድነው «ፋ ማይነር» ብለን ጻፍን። ካሴቱን በከተማው ላሉ አንድ ሽማግሌ ማሲንቆ መቺ ብናሰማቸው ግን ገና መግቢያው ሳያልቅ፣ «ትዝታ ነው እንጂ ልጆቼ፤ ምን ያጠራጥራል? ግን ደክሟል» አሉን። መድከሙን ያለ ሰዓትና ያለ ኪቦርድ ማወቃቸው አስገርሞናል።

የአውሮጳው ማይነር ሰባት ድምፅ አለው፤ የኛ ቅኝት ግን አምስት ነው። ከዚህም በላይ ከላይ የጠቀስናቸው አምስት ድምፆች የሁለት ቅኝቶች ናቸው። ከፋ ተነሥተው ወደ ፋ ሲመለሱ ዝቅታው ትዝታ፣ ማለት ትዝታ ማይነር የሚባለው ይሆናሉ። እነዚያው ድምፆች ሳይጨመርና ሳይቀነስ ከዶ ተነሥተው በዶ ሲያርፉ አምባሰል ይሆናሉ። ለይቶ የሚነግረን የድምፆቹ ዝርዝር ሳይሆን ዜማው የሚያርፍበት ቦታ ነው። በኛ ካሴት ቤዝ ጊታሩ ዙሩን በጨረሰ ቍጥር ፋ ላይ ያርፋል፤ ሽማግሌውም የሰሙት ይህን ነው። ኦርጋኑ ግን ከአምስቱ ውጭ የሆነ ድምፅ በስምም ውስጥ ስለሚያስገባ ጆሮን ያደናግራል። አምስቱን ድምፅ ከውጭው አገር ስምም ጋር ማጋባት ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 በኒው ዮርክ ባስቀዳው ሸክላ በግልጥ የሚሰማ ጥበብ ነው፤ ቅኝት መዝጋቢውን ግን ያስቸግራል።

በወሎ ሆኖ በዚህ መሳሳት ያሳፍራል። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች የሁለቱ ስም፣ የባቲና የአምባሰል፣ የወሎ አገር ስም ነውና። ጉዳቱም በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም። በከተማይቱ ያሉ ወጣት ሙዚቀኞች ይህን ዜማ የሚያጠኑት ከዚሁ ካሴት ነው፤ አንዱ ወደ ሚ ሌላው ወደ ፋ ስለሚጠጋ አብረው ሲጫወቱ አይገጥሙም። አምኃ እሸቴ በ1969 የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ካቋቋመ በኋላ እንኳ ከወጡት ሸክላዎች ብዙዎቹ ዛሬ ተጭረዋል፤ በየመንደሩ የቀረው እንዲህ ያለ ቅጂ ነው።

በመጨረሻ በመዝገባችን ላይ «ዝቅታው ትዝታ፤ ማረፊያው ፋ፤ በደቂቃ 97 ትልልቅ ምት፤ ቅጂው በመቶ 3 ያህል ዘግይቶ የተገኘ» ብለን ጻፍን። ፍጥነቱ የተስተካከለውንም ቅጂ ለቡና ቤቱ ባለቤት ወስደን ሰጠናቸው። አንድ ጊዜ በጥሞና ካዳመጡ በኋላ፣ «ይኼኛው ተጣደፈ» ብለው የድሮውን ካሴት መልሰው ከተቱት።