በቮልስ ላይ የባትሪ ማቋረጫ ስዊች የት ይገጠም?

ቮልስ ያላችሁ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን ዛሬ ልመልስ። የባትሪ ማቋረጫ ስዊች የት ብናስገጥም ይሻላል? እኔ የምለው፦ በኔጌቲቩ ገመድ ላይ፣ ለባትሪው ቅርብ ሆኖ ነገር ግን አናቱ ላይ ያልተቀመጠ፣ ወንበር ሳይነሳ እጅ የሚደርስበት ቦታ።

የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። በላዩ ላይ የወንበሩ ሞላዎች አሉ፣ ራቁታቸውን የሆኑ ብረቶች። ከበድ ያለ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ ሞላው ወደ ባትሪው ይወርዳል። ፋብሪካው ለዚህ ብሎ የሠራው የባትሪ ክዳን ደግሞ ብዙ መኪኖች ላይ ጠፍቷል። ሞላው ፖዘቲቩንና ቦዲውን አንድ ላይ ከነካ ሾርት ያደርጋል፣ ይግላል፣ የወንበሩ ደረቅ ሙሌት ይቀጣጠላል። ቮልስ የሚወዱ ሰዎች የትም አገር ቢሆኑ የሚፈሩት እሳት ይሄ ነው።

ስለዚህ ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኘውን፣ ተርሚናሉ ላይ ታስሮ በእጅ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስዊች ለቮልስ አልመክርም። ሌላ መኪና ላይ፣ ባትሪው ኮፈን ሥር ከሆነ ችግር የለበትም። እዚህ ግን ቁመት ይጨምራል፣ ወደ ሞላው ይጠጋል። ኔጌቲቩ ላይ ቢታሰር እንኳ ሞላው የባትሪውን ኔጌቲቭ ተርሚናል ከነካው በሞላው በኩል ከቦዲ ጋር ይገናኛል። ዘግቻለሁ ብላችሁ የሄዳችሁት ስዊች አልተዘጋም ማለት ነው። ጭስ ቢታይ ደግሞ ስዊቹን ለማጥፋት የሚጨሰውን ወንበር ማንሳት ሊኖርባችሁ ነው!

ለምን ኔጌቲቩ? ፖዘቲቩ ላይ ቢገጠም ከባትሪው እስከ ስዊቹ ያለው ገመድ ሁልጊዜ ኃይል አለው፤ ላሜራ ከላጠው ይቃጠላል። ኔጌቲቩ ላይ ከሆነ ግን ገመዱ ቢላጥም ቦዲን ከመንካት ያለፈ ጉዳት የለውም። ለሥራ ስትፈቱም ቁልፋችሁ ቦዲ ቢነካ ብልጭታ አይኖርም። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እንደ ድሮዎቹ ላንድሮቨር ያሉ አንዳንድ የእንግሊዝ መኪኖች ከቦዲ ጋር የሚያያዙት ፖዘቲቩን ነው። ቀለሙን ሳይሆን የትኛው ገመድ ቦዲ ላይ እንደታሰረ እዩ።

ቦታውን እንዲህ ነው የማደርገው። የኔጌቲቩ ጠፍጣፋ ገመድ ወለሉ ላይ በብሎን ታስሯል። እሱን ፈትቼ ስዊቹን በመካከል አስገባለሁ። ስዊቹን የሚይዝ ትንሽ ጠንካራ ላሜራ አሠርቼ፣ ቦዲውን አዲስ ቀዳዳ ሳልበሳ፣ ባለው ብሎን ወደ ወንበሩ የፊት ጠርዝ እንዲጠጋ አስራለሁ። በቀኝ በር በኩል ከፊት ወንበሩ ጀርባ እጅ ሲገባ መያዣው መገኘት አለበት። ከባትሪው አናት መራቁ ሌላም ጥቅም አለው፤ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ያወጣል፣ ስዊች ደግሞ ሲከፈትና ሲዘጋ ብልጭ ይላል። የባትሪውን ክዳንም አብራችሁ አስገጥሙ፤ ካጣችሁ ወፍራም ጎማ በደንብ አስራችሁ አልብሱት።

ስዊቹን ስትገዙ የሞተሪኖውን አምፒር የሚችል ይሁን። በተለይ 6 ቮልት የሆኑት የድሮ ቮልሶች ላይ ስስ ስዊች አይሆንም። ግማሽ ቮልት ቢጠፋ ከ12 ላይ 4 በመቶ ገደማ ነው፣ ከ6 ላይ ግን 8 በመቶ፤ ጠዋት በብርድ ሞተሪኖው ሲያቃስት ትሰሙታላችሁ። ገመዱም ከድሮው የቀጠነ አይሁን።

ሞተር እየሠራ ስዊቹን አትዝጉ። ዲናሞው ማመንጨቱን ስለሚቀጥል ሞተሩ ላይጠፋ ይችላል፤ ባትሪው ሲለይ ቮልቱ ከፍ ብሎ አምፖልና ሬጉላተር ያቃጥላል። የውድድር መኪኖች ላይ የምታዩት፣ ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቀይ ብልጭታ የተሳለበት ማቋረጫ ሞተሩንም ጭምር የሚያጠፋ ስለሆነ አሠራሩ ይለያል። እኛ ግን መጀመሪያ የመኪናውን ቁልፍ እናጥፋ፣ ከዚያ ስዊቹን።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ ቴስተር አምጡ። አንዱን ጫፍ በስዊቹ አንድ ብሎን፣ ሌላውን በሌላኛው ላይ አድርጋችሁ ሰው ሞተሪኖ ያስነሳላችሁ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ መገናኛዎቹን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱና ዳዶውን አጥብቁ። አሁንም ካልወረደ ስዊቹን መልሱ፣ ሌላ ግዙ።