ውጤቱ ከሐኪሙ ቀድሞ ስልክ ላይ ሲገባ

ባለፈው ወር አንድ አርብ ማታ አክስቴ ደውላ «አሁኑኑ ነይ» አለችኝ። ጋርላንድ ቤቷ ስደርስ ስልኳን ባሏ እንዳያየው ትራስ ሥር ደብቃዋለች። ስክሪኑ ላይ ያለው በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ቃል ነው፦ «ፖዘቲቭ»። (ይህን የምጽፈው እሷው ፈቅዳልኝ ነው።)

ጅምሩ ጥሩ ነበር። አክስቴ ሃያ ዓመት አሜሪካ ስትኖር የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ አድርጋ አታውቅም። ምክንያቷ አንድ ነው፤ ሐኪም ፊት መጋለጡን አትወድም። በ2024 ግን ኤፍዲኤ ሴቶች ክሊኒክ ውስጥ የኤችፒቪ ናሙናውን ራሳቸው እንዲወስዱ ፈቀደ። በ2025 ደግሞ ቤት ውስጥ የሚጠቀሙበት መሣሪያ ጸደቀ። በር ዘግቶ፣ ለብቻ፣ በደቂቃዎች ያልቃል። «ይሄንንማ እችላለሁ» ብላ አደረገችው።

ያን ማታ የጠየቀችኝ ስለ ካንሰር አልነበረም። «ከማን ነው የያዘኝ?» ነው ያለችው።

ኤችፒቪ አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ የሚይዘው ቫይረስ ነው። ብዙውን ጊዜ ሰውነት በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያጠፋዋል፤ አንዳንዴ ግን ምንም ሳይታወቅ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ የዛሬ ውጤት ከማንና መቼ እንደመጣ አይናገርም። ካንሰር አለ ማለትም አይደለም፤ እዚያ ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ 15 እና 20 ዓመት ይፈጅበታል። ይህ ሁሉ ከዚያች ቃል በፊት ሊነገራት ይገባ ነበር።

ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ደንብ ውጤት ለታካሚው ሳይዘገይ መድረስ አለበት። ደንቡን እደግፋለሁ፤ ውጤቱ የእሷ ነው። ግን ሶፍትዌር የምጽፍ ሰው ነኝና አሠራሩን አውቀዋለሁ፦ ከላብራቶሪ ፋይል ይገባል፣ ማሳወቂያ ይወጣል። እኛ «ደረሰ» ስንል «ገባት» ያልን ይመስለናል።

ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ ወስናለች፤ ለተጨማሪ ምርመራ አትሄድም። እኔ ላስረዳት ብሞክርም ገና ስለ ማህፀን ስጀምር ሁለታችንም አፈርን። ያስለወጣት ሰኞ ዕለት በስልክ የገባችው አማርኛ አስተርጓሚ ናት። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ። ባልን ወይም ልጅን አታስተርጉሙ።

ኢትዮጵያ በ2018 የ14 ዓመት ልጃገረዶችን መከተብ ጀምራለች። ለአክስቴ ዕድሜ ግን ክትባቱ አልደረሰም፤ ያላት ምርመራው ብቻ ነው።

ኮልፖስኮፒው የፊታችን ሐሙስ ነው። ለባሏ ገና አልነገረችውም። የማደርሳት እኔ ነኝ።