እንጦጦ ሥር ቤት ሲገዙ የሚገዙት ምንድን ነው?

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ግርጌ ቤት መግዛት የሚሹ ወዳጆቼ አስቀድመው የሚያማክሩኝ ስለ ዋጋው ነው፡፡ አየሩ ንጹሕ፣ ባሕር ዛፉ ቅርብ፣ ከተማውም ቁልቁል የሚታይበት ሥፍራ ልብ ይማርካል፡፡ እኔ ግን ከዋጋው በፊት ስለ ሰነዱ እጠይቃለሁ፡፡

ለምን ቢሉ፣ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ መሬት የመንግሥት ሆኗል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት እንደማይሸጥ ደንግጓል፡፡ ስለዚህ ገዢ የሚገዛው ቤቱን ነው፤ መሬቱን የሚይዘው በይዞታ መብት ብቻ ነው፡፡ ካርታ የሌለው ቤት ይፍረስ ከተባለ፣ በሽማግሌዎች ፊት የተፈረመ ወረቀት የዕድሜ ልክ ቁጠባን አያድንም፡፡

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል፡፡ በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ደግሞ የባልና ሚስት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም፡፡

እንግዲህ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ይዞታ ወደሚመዘገብበት ቢሮ ይሂዱ፡፡ ቤቱ በማን ስም እንዳለ፣ ዕዳና እግድ እንደሌለበት፣ ወደ ደን ክልል እንዳልገባ ያጣሩ፡፡ ግቢውንም ዝናብ በጣለ ማግስት ይዩት፤ የተራራው ጎርፍ በየት እንደሚያልፍ ደላላው አይነግርዎትም፡፡